ከጅማ ወደ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ፦ ከእግራችሁ በፊት እንቅልፋችሁን አቅዱ

ጅማ ውስጥ ተራራ መውጣት የሚወዱ ልጆች እየበዙ ነው። እሁድ ጠዋት ወደ ጅሬን በእግሩ የሚወጣውን ሰው ማየት ይበቃል። ከነሱ መካከል ደግሞ «ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ ብንሄድስ?» የሚሉ አሉ፤ የዓለምን ከፍተኛ ተራራ የሚወጡት ሰዎች የሚሰፍሩበት መነሻ ካምፕ ማለታቸው ነው፤ ደስ ይላል። ጥያቄያቸው ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አቀበቱ ምን ያህል ነው? ስንት ወር ስፖርት ልሥራ? ሁሉም የእግር ጥያቄ ነው። ይሄን ጉዞ የሚያበላሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እግር አይደለም። በስንተኛው ሌሊት፣ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ተኛችሁ የሚለው ነው። እቅዱ የሚሠራውም የሚፈርሰውም እዚያ ላይ ስለሆነ እሱን ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ሌላውን በየመንገዱ እናነሳዋለን።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። በኔፓል በኩል ያለው ቤዝ ካምፕ 5364 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ በገመድ መውጣት፣ በረዶ መቆፈር የለም። የእግር መንገድ ነው፤ በየመንደሩ አልጋና ምግብ የሚሰጡ ቤቶች አሉ፤ ድንኳን እንኳ አያስፈልግም። ተራራውን ሊወጡ የመጡት ናቸው ካምፑ ላይ የሚያድሩት። እንደኛ ያለው እግረኛ ደርሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ጎራክ ሼፕ ወደምትባለው የመጨረሻዋ ማረፊያ ተመልሶ ይተኛል። አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፦ ከቤዝ ካምፑ የኤቨረስት ጫፍ በደንብ አይታይም፤ ሌሎች ተራሮች ይከልሉታል። እሱን ማየት የፈለገ በማግስቱ ሌሊት ተነስቶ ካላ ፓታር የሚባለውን ከ5500 ሜትር በላይ የሆነ ጉብታ ይወጣል።

አሁን ወደ አየሩ። «እላይ ኦክስጅን የለም» ሲባል ትሰማላችሁ። ልክ አይደለም። ጅማም ይሁን ኤቨረስት፣ ከአየሩ ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ነው፤ ድርሻው አይቀየርም። የሚቀየረው ግፊቱ ነው። መርካቶ ውስጥ ፍራሽ ሻጭ ደጃፍ ላይ የተደራረበውን የስፖንጅ ፍራሽ አስቡት፤ የታችኛው በላዩ ባለው ክብደት ተጨምቆ ይጠባል፣ የላይኛው ተነፋፍቶ ይቀመጣል። አየርም እንደዚያ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚጫነው ስለሚያንስ ይሳሳል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ጅማ ወደ 1780 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለሉ 80 በመቶ ትንሽ አለፍ ይላል። ቤዝ ካምፕ ላይ ግን ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ቁጭ ብላችሁም፣ ተኝታችሁም፣ በየትንፋሹ የምታገኙት ያን ያህል ነው።

እዚህ ላይ ነው «እኛ እኮ የደጋ ሰዎች ነን» የሚባለው የሚመጣው። ይሄን ነገር በደንብ እንነጋገርበት፣ ምክንያቱም አደገኛ ነው። የከፍታ ህመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2500 ሜትር በላይ ነው። ጅማ ከዚያ በታች ናት። ከጅቡቲ ከሚመጣ ሰው ትንሽ ትሻላላችሁ፤ ትንሽ ብቻ። ስሜን ተራሮች ላይ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ተጠንተው፣ የደማቸው ሂሞግሎቢንም (ኦክስጅን የሚሸከመው) ሆነ የኦክስጅን መጠናቸው ባህር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ መገኘቱ እውነት ነው፤ ጥናቱ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ነው፣ በጣምም ይገርማል። ግን እነዚያ ሰዎች ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እዚያ ከፍታ ላይ የኖሩ ናቸው። እኔና እናንተ ቡናና በቆሎ በሚያበቅል አገር ያደግን ነን። የበቆጂ ሯጮችም 2800 ሜትር አካባቢ አድገው ነው የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት፤ 5000 ሜትር ላይ ግን እነሱም እንግዳ ናቸው።

ስፖርተኛነትም ከዚህ አያድንም። ሰው ይሄን ለመቀበል ይቸገራል። ጠንካራ ልብና ጠንካራ እግር ያለው ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ሊታመም ይችላል፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ መራመድ ስለሚችል ቶሎ ከፍ ይላል፣ ቶሎ ይታመማል። አንድ ጊዜ ባሌ ውስጥ ከጎባ ተነስተን ሰነቴ አምባ ላይ በመኪና ወጣን። ጎባ ወደ 2700 ሜትር ነው፤ መንገዱ በአንድ ጠዋት 4000 ሜትር ላይ ያደርሳል፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ ከሄዳችሁ 4377 ነው። አብሮን የሰፈራችን ልጅ ነበር፤ ኳስ ተጫዋች፣ ዘጠና ደቂቃ ሮጦ የማይደክመው። ቀኑን ሙሉ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ከሁላችን በላይ ሲሯሯጥ ዋለ። ወደ ማታ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ዝም አለ። በእጁ የያዘው ብስኩት አንድ ጊዜ ተገምጦ ቀርቷል። ሹፌሩ በመስታወት እያየው «አንተ ልጅ፣ ምነው ዝም አልክ?» አለው። «ምንም፣ ትንሽ ራሴን ነው።» ትንሽ ሳንሄድ አስቁሙኝ አለና አስመለሰው። ጎባ ወርደን ትንሽ ከቆየን በኋላ ግን ራሱ ነው እራት ያዘዘው። ምንም መድኃኒት አልወሰደም፤ የወረደው ከፍታ ነው የፈወሰው።

ለምን እንደዚያ ይሆናል? ከፍ ስትሉ ሰውነት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ነው። ብዙ ስትተነፍሱ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብዝታችሁ ታስወጣላችሁ፤ ያኔ የደማችሁ አሲድነት ይቀንሳል፤ አንጎል ደግሞ ይሄን ሲያይ «በቃ፣ ትንፋሽ ቀንስ» ይላል። ሁለት ትእዛዝ ይጋጫል። ይሄን የሚያስታርቀው ኩላሊት ነው፤ የተዛባውን በሽንት እያስወጣ ደሙን ያስተካክላል፣ ከዚያ በኋላ ሰውነት እንደልቡ መተንፈስ ይችላል። ኩላሊት ግን አይቸኩልም። ቀናት ይፈልጋል። የደም ቀይ ሕዋስ ጨምሮ እስኪበቃ ደግሞ ሳምንታት ነው። እላይ ሽንት ሲበዛባችሁ እንዳትደነግጡ፤ ሥራው እየተሠራ ነው ማለት ነው።

ሌሊቱ ለምን ዋና ሆነ? ስንተኛ ትንፋሽ ይቀንሳል፣ የደም ኦክስጅን ከቀኑ በላይ ይወርዳል፣ ያውም ለብዙ ሰዓት። ቀን ላይ 4000 ሜትር ደርሶ 3400 ላይ ወርዶ የሚያድር ሰው ሰውነቱ ልምምድ አግኝቶ ይመለሳል። እዚያው 4000 ላይ በመጀመሪያው ቀን የተኛ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይቀጣል። የተራራ ሐኪሞች የሚሰጡት ደንብ ቀላል ነው፦ ከ3000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ቀን ሳትጨምሩ እዚያው እደሩ። ቀን የፈለጋችሁትን ያህል ውጡ፣ ማታ ውረዱ።

እስኪ ይሄን ደንብ ይዘን መንገዱን እንየው። ካትማንዱ 1400 ሜትር ገደማ ናት፤ ከጅማ እንኳ ዝቅ ትላለች። ከዚያ በትንሽ አውሮፕላን ሉክላ፣ 2860 ሜትር። የመጀመሪያው ሌሊት ወረድ ብሎ ፋክዲንግ፣ 2610። ሁለተኛው ናምቼ ባዛር፣ 3440። በአንድ ቀን 830 ሜትር ጨመራችሁ ማለት ነው፤ ትልቅ ዝላይ ነው፣ ለዚህ ነው ናምቼ ላይ ሁለት ሌሊት የሚታደረው። የእረፍት ቀን ሲባል አልጋ ላይ መዋል አይደለም፤ ጠዋት ወደ 3900 ሜትር ግድም ወጣ ብላችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ለምሳ ትመለሳላችሁ። ቀጥሎ ቴንግቦቼ 3860፣ ቀጥሎ ዲንግቦቼ 4410፣ እዚያም ሁለት ሌሊት። ቀጥሎ ሎቡቼ 4940፣ ከዚያ ጎራክ ሼፕ 5164፣ በዚያው ቀን ከሰዓት ቤዝ ካምፕ ደርሶ መመለስ።

ቁጥሮቹን ልብ በሏቸው። ከቴንግቦቼ ዲንግቦቼ 550 ነው። ከዲንግቦቼ ሎቡቼ 530። ይሄ ሁሉም ሰው የሚሄድበት የተለመደ ፕሮግራም እንኳ ደንቡን ትንሽ ትንሽ እያለፈ ነው የሚሄደው። ምንም የሚቀነስ ትርፍ ቀን የለውም። ስለዚህ አንድ የጉዞ ወኪል «በአጭር ቀን አደርሳችኋለሁ» ካላችሁ የሚቀንሰው ገንዘብ ሳይሆን ከነዚህ ሁለት የእረፍት ቀናት አንዱን ነው። የመሥሪያ ቤት ፈቃድ አጥሮባችሁ ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ዓመት አስተላልፉት እንጂ ናምቼን አትንኩ፣ ዲንግቦቼን አትንኩ። እኔ እንዲያውም አንድ ቀን ጨምሩበት ነው የምለው። ወጥቶ ለመመለስ ከሉክላ ሉክላ 12 ቀን አካባቢ ያዙ፤ ከዚያ ለአውሮፕላን መዘግየት ካትማንዱ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ትርፍ። ሉክላ በአየር ጠባይ ምክንያት በረራ የሚሰረዝበት ቦታ ነው፤ ማኮብኮቢያው 527 ሜትር ብቻ ነው፣ እሱም ዳገት። ደመና ከገባ አውሮፕላን አይነሳም፣ አለቀ። በሰው መብዣ ወራት ደግሞ በረራው ከካትማንዱ ሳይሆን ብዙ ሰዓት በመኪና ተሂዶ ከማንታሊ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባ መመለሻ ቲኬታችሁን ከሉክላ በምትወርዱበት ማግስት የቆረጣችሁ ከሆነ ቀይሩት።

ህመሙ ሲጀምር ምን ይመስላል? ራስ ምታት ነው። ከሱ ጋር የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካም። ጉንፋን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ምግቡ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ከፍታ ላይ እስካላችሁ ድረስ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ የከፍታ ህመም ነው ብላችሁ ያዙት። ጥሩ መለያ ቦታ የእራት ገበታ ነው። ሁሉም ይበላል፤ አንዱ ሳህኑን ይነካካል። እኛ ባህላችን ሆኖ ጓደኛን ላለማስቸገር «ደህና ነኝ፣ ብሉ እናንተ» እንላለን። እዚያ ይሄ ይሉኝታ ያስከፍላል። ያልበላውን ሰው ጠይቁት፣ አጥብቃችሁ ጠይቁት። ቀላል ከሆነ እዚያው እደሩ፣ እስኪተወው አንድ ሜትር አትጨምሩ። ከባሰ ውረዱ።

የሚገድሉት ሁለት ናቸው። አንዱ አንጎል ላይ እብጠት ሲመጣ ነው፤ ሰውየው ይወላገዳል፣ ይቀባዥራል፣ የጫማ ማሰሪያ ማሰር ያቅተዋል። መሬት ላይ መስመር አስምራችሁ ተረከዝ ከጣት እያገናኘ እንዲራመድ አድርጉት፤ እንደሰከረ ከተንገዳገደ አትጠብቁ። ሌላው ሳንባ ውስጥ ውኃ ሲቋጥር ነው፤ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይስላል፣ ሲብስ አረፋ ያለው ሮዝ አክታ ይመጣል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፤ ወዲያውኑ መውረድ፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር። ኦክስጅንና መድኃኒት መንገድ ላይ ይረዳሉ፣ መውረድን ግን አይተኩም። ፌሪቼ የምትባለው መንደር ውስጥ ከ1973 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ በሂማላያ የነፍስ አድን ማኅበር የሚሠራ ክሊኒክ አለ፤ በጉዞ ወራት ሐኪሞቹ ለእግረኞች ስለ ከፍታ ህመም ገለጻ ያደርጋሉ። ዲንግቦቼ ስታድሩ ቅርብ ነው፤ በእረፍት ቀናችሁ ሄዳችሁ ስሙት።

ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ የሚይዙ አሉ። ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥሩ እንዳያሳብዳችሁ። ጎራክ ሼፕ ላይ 80 በመቶ አካባቢ ማየት የተለመደ ነው፤ ጅማ ውስጥ ብታዩት አምቡላንስ የሚያስጠራ ቁጥር ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ሰውየውን እዩት። ሌሊት ደግሞ አጠገባችሁ የተኛው ሰው ትንፋሹን ለጥቂት ሰከንድ አቁሞ በድንገት በረጅሙ ሲስብ ትሰማላችሁ። ያስደነግጣል፤ ነገር ግን እዚያ ከፍታ ላይ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው።

ዲያሞክስ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለዓይን ግፊትም ይታዘዛል። የሚሠራው ያንን የኩላሊት ሥራ በማፋጠን ነው። ለመከላከል ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ነው፣ መውጣት ከመጀመራችሁ አንድ ቀን ቀድሞ። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ይበዛል፣ ለስላሳ መጠጥ ጣዕሙ ይጠፋል። ሰልፋ ለሚባሉ መድኃኒቶች አለርጂ ያለው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ሐኪም ዘንድ ትቅረብ። አንድ ነገር አደራ፦ መድኃኒቱ የእረፍት ቀን አይተካም። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል ደግሞ ሌሊት ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ እላይ እንዳትነኳቸው።

አሁን የኛን አገር ጉዳይ ላንሳ፤ ሌላ ቦታ የተጻፈ ምክር ላይ ስለማታገኙት። ቡና። ጅማ ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ከሰዓት ደግሞ የሚደግም ሰው ቡናውን በድንገት ቢያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ አንዳንዴም ያቅለሸልሸዋል። ይሄ ከከፍታ ህመም ጋር አንድ ዓይነት ነው! በጉዞው ሦስተኛ ቀን ናምቼ ላይ ራሱን የያዘ የጅማ ልጅ፣ ቡና አጥቶ ይሁን ከፍታው ይዞት በምን ይለያል? ስለዚህ ቡናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የተፈጨ፣ በደንብ የታሸገ፣ ለሁሉም ቀን የሚበቃ። በልክ የተጠጣ ቡና እላይ እንደማይጎዳ ይታወቃል፤ የሚጎዳው በድንገት ማቋረጡ ነው። ጎራክ ሼፕ ላይ ውኃ የሚፈላው 83 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቡናው እንደ ቤት አይወጣላችሁም፣ ያው ታገሱት። ወይም ከመሄዳችሁ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ቀስ እያላችሁ ቀንሱ።

ጫት ደግሞ ሌላ ነው። የለመዳችሁ ካላችሁ በግልጽ ልናገር፤ ጫት ረሃብን፣ ድካምንና እንቅልፍን ይደብቃል። እላይ ደግሞ ህመም መጣ አልመጣ የምናውቀው በነዚህ ሦስቱ ነው። የልብ ምትንም ይጨምራል። በዚያ ላይ በብዙ አገር ሕገ ወጥ ነው፤ በሻንጣ ይዞ ድንበር ማለፍ እስር ቤት ያስገባል። ከጉዞው ሳምንታት በፊት ተዉት።

ምግቡ ብዙ አያሳስብም። ምስርና ሩዝ ዋናው ነው፣ እየተጨመረላችሁ ትበላላችሁ፤ ለጾመኛ ይመቻል። ስጋ ግን ከናምቼ በላይ አልመክርም። መንገዱ በሚያልፍበት በኩምቡ ሸለቆ እንስሳ ስለማይታረድ ስጋው ከታች ለቀናት በሰው ጀርባ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ሐላል ለሚፈልግም መፍትሔው ያው ምስሩ ነው። ረመዳንን ግን ከጉዞው ጋር አታገጣጥሙ፤ ለመንገደኛ ፈቃድ እንዳለው ብታውቁም እዚያ ሆኖ ከልብ ጋር መሟገት ከባድ ነው፣ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ደግሞ ለሰውነት አይበጅም።

ልምምዱን ጅማ ላይ መሥራት ይቻላል። ከከተማው ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው አቀበት ጥሩ ነው፤ ግን ባዶ እጅ አትውጡ። ቦርሳ ውስጥ ውኃ የሞሉ ጠርሙሶች ጨምሩ፣ ለቤዝ ካምፕ የምትይዙትን ጫማ አድርጉ። ቁልቁለቱን አትናቁት፤ መውጣት ሳንባን ነው የሚፈትነው፣ ጉልበት የሚጎዳው ሲወረድ ነው። የጣት ጥፍር ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ የሚጠቁረው ያኔ ስለሆነ ጫማችሁ ግማሽ ቁጥር ሰፋ ይበል፣ ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁት። ፍጥነት አትለማመዱ። እያወሩ መራመድ የሚቻልበትን እርምጃ ለብዙ ሰዓት መያዝን ተለማመዱ። በተከታታይ ሁለት ሦስት ቀን መሄድንም ሞክሩ፤ ዛሬ ደክሞ ነገ መነሳት ራሱን የቻለ ልምድ ነው።

ጅማ ላይ የማይገኘው ከፍታው ነው። ለዚህ ወንጪ አለላችሁ። በጅማ መንገድ ወሊሶ ላይ ተገንጥሎ የሚኬድ፣ ከ3000 ሜትር በላይ የሆነ ቦታ ነው። ሄዳችሁ እደሩበት፣ ዞራችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ሌሊቱን ነው የምትፈትኑት። ባሌ ደግሞ ከዲንሾ ጀምሮ በእግር ሰነቴ ድረስ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ስለ ራሱ ብዙ ያውቃል። ከሁሉም በላይ የሚመስለው ስሜን ነው፤ ከደባርቅ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ከዚያ አምቢቆ ወርዶ ራስ ዳሽን፣ 4550 ሜትር ገደማ። አምቢቆ ራሷ ለራስ ዳሽን ቤዝ ካምፕ ናት ማለት ይቻላል። የመንገዱን ሰላም ግን መጀመሪያ በደንብ አጣሩ። ስሜንም ባሌም በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ኤቨረስት ባይሳካ እንኳ እነሱ ትንሽ ጉዞ አይደሉም።

ወቅቱ ለኛ ይመቻል። የኔፓል ዝናብ ከኛ ክረምት ጋር ነው የሚገጥመው። መስቀል ካለፈ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር፣ ወይም ከመጋቢት እስከ ግንቦት መጀመሪያ ነው ጥሩው። በጥቅምት ለመሄድ ክረምቱን በጅማ ዝናብ ጭቃ ላይ መለማመድ ማለት ነው፣ እሱም አይከፋም።

ልብሱን ባጭሩ። በየ1000 ሜትሩ ቅዝቃዜው በስድስት ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ጎራክ ሼፕ ሌሊት ከዜሮ በታች 10 እና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ከውስጥ ጥጥ አትልበሱ፤ በላብ ከራሰ አይደርቅም፣ ያቀዘቅዛል። ጋቢ ለማደሪያ ቤት ደስ ይላል፣ ለመንገድ አይሆንም። የላባ ጃኬት፣ ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ካትማንዱ ውስጥ ይከራያል፤ ከአዲስ አበባ ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም። የሉክላ አውሮፕላን የሚፈቅደው 15 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ጥሩ የፀሐይ መነጽርና የከንፈር ቅባት ግን እንዳይረሳ። አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ አፍና አፍንጫ በሻሽ መሸፈን እዚያ ብዙ ሰው ከሚይዘው ደረቅ ሳል ያድናል።

ወረቀቱ ላይ የኛ ፓስፖርት ጣጣ አለው። ኔፓል ለብዙ አገር ዜጋ አየር ማረፊያው ላይ ቪዛ ትሰጣለች፤ ኢትዮጵያ ግን ከማይሰጣቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። አስቀድማችሁ ከኤምባሲ ማውጣት አለባችሁ። «ሁሉም ሰው እዚያው ነው የሚያወጣው» የሚል ምክር ብታነቡ ለናንተ አይሠራም። በሌላ አገር የምታቆራርጡ ከሆነም የመሸጋገሪያ ቪዛ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ቀጥሎ ኢንሹራንስ ነው። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይሸፍንም። እስከ 6000 ሜትር የእግር ጉዞና በሄሊኮፕተር መነሳትን ይሸፍናል የሚል ቃል በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አድርጉ፤ በቃል «አዎ ይሸፍናል» ከተባላችሁ አልተሸፈናችሁም። የውጭ ምንዛሬውን ቪዛና ቲኬት እንደያዛችሁ ባንክ ሄዳችሁ ጀምሩት። ናምቼ ላይ ኤቲኤም አለ፤ ከዚያ በላይ በጥሬ ገንዘብ ተማመኑ።

መሪ ይኑራችሁ። የኔፓል መንግሥት ከ2023 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ የውጭ እግረኞች ፈቃድ ያለው መሪ እንዲይዙ ደንብ አውጥቷል፤ ደንቡ በየቦታው እኩል ባይተገበርም እኔ ያለ መሪ አትሂዱ እላለሁ። ተሸካሚም ትቀጥሩ ይሆናል። ተሸካሚዎቹ ሁሉ የተራራው ተወላጆች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጡ ናቸው፣ ከፍታው እንደኛው ይይዛቸዋል። ሞቅ ያለ ልብስና ኢንሹራንስ እንዳላቸው ጠይቁ፣ ሁለት ሰው ሻንጣ አንድ ሰው ላይ አታስጭኑ፣ ማታ ማታ እንደ ጓደኛችሁ «ራስህን ያምሃል ወይ?» በሏቸው።

በቡድን ከሆነ የምትሄዱት፣ ገና ጅማ ሳላችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትጨርሱት አንድ ወሬ አለ። አንዳችን ብንታመም ማን ነው አብሮ የሚወርደው? ይሄን እላይ ደርሳችሁ፣ ብር ከፍላችሁ፣ ካምፑ ሊደረስ አንድ ቀን ሲቀር አትወስኑት፤ ያኔ ሁሉም ሰው ማለፍ ነው የሚፈልገው፣ የታመመውም ጭምር። ስም በስም ተመዳደቡ። ለመሪውም ስማችሁን፣ የደም ዓይነታችሁን፣ የኢንሹራንሱን ስልክ በወረቀት ስጡት፣ «ውረዱ ካልከን እንወርዳለን» ብላችሁም ካትማንዱ ላይ ፊት ለፊት ንገሩት።